ፍየሏን ማን አረዳት?

ቶጎ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። እግሬ ረግጧት አያውቅም፤ ከእንግዲህም የሚረግጣት አይመስለኝም። ግን ርቧችሁ ከሚኒባስ ብትወርዱ የት ገብታችሁ እንደምትበሉ እኔን ጠይቁኝ። መነኻሪያው በር ላይ፣ ከጎማ ጠጋኙ አጠገብ፣ ትልቅ ሳፋ ከፊቷ አድርጋ የምትቀመጥ ሴት አለች። የምትሸጠው ቦሎቄ ነው፤ ቀይ የፓልም ዘይት ታፈስበትና የካሳቫ ዱቄት ትነሰንስበታለች። ሾፌሮቹ ሳይቀድሟችሁ ድረሱ፤ እነሱ ከበሉ በኋላ የሚቀረው የሳፋው ቂጥ ብቻ ነው። ቀትር ላይ ደግሞ ከካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ሂዱ። እዚያ ቦዬ ቀቅለው በሙቀጫ ይወቅጣሉ፤ ፉፉ ይሉታል። ምግብ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ በር ማንኳኳት አያስፈልግም፣ የዘነዘናው ድምፅ ከመንገድ ይሰማል። ዋናው መንገድ ላይ ያለው ሆቴል ግን እንዳትገቡ። ዶሮው ከከንቲባው እኩል ዕድሜ አለው።

ይሄን ሁሉ ያወቅኩት አርሊንግተን፣ ቴክሳስ፣ መስኮት በሌለው የብሬክ ክፍል ውስጥ ነው። የእኛን ሚሊኒየም ባከበርንበት ሰሞን ለአውሮፕላን ምግብ የሚያሽግ ዌርሃውስ ገባሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ፀጉራችንን በመረብ ሸፍነን ትሪ ላይ ትንሽ ዶሮ፣ ትንሽ ካሮት፣ ትንሽ ኬክ እናስቀምጣለን። ካሮቱ የኔ ነበር። ኬኩን የምታስቀምጠው ከአጠገቤ የምትቆም የቶጎ ሴት ናት፤ ሁላችንም ማማ ነበር የምንላት። እናቴ ለመሆን ትንሽ ታንሳለች፣ ለታላቅ እህትነት ግን ትበቃለች።

የመጀመሪያው ቀን ብሬክ ላይ የምሳ ዕቃዋን ከፈተች። በኦቾሎኒ የተሠራ የፍየል ወጥ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። እኔ ደረቅ ዳቦ በማርማላታ ይዤ ተጎልቻለሁ። «ነይ እንብላ» አለችኝ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛችን። እንግዲህ እኔ የእናቴ ልጅ ነኝ፤ «በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። ጨዋ ሰው መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው። ጋባዡ «በሞቴ» ይላል፣ «አፈር ስሆን» ይላል፣ እኔም ስግደረደር ቆይቼ በሦስተኛው እጎርሳለሁ። ማማ «ኦኬ» አለችና ብቻዋን በላች። አጥንቱን ሳይቀር ጋጠችው! በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን «ነይ» ከማለቷ እጄ ዕቃው ውስጥ ነበር። ሳቋን ለቀቀችው። «ሁለት ቀን ሙሉ በልቻለሁ ስትይኝ የነበረው ምን በልተሽ ነው?» አለችኝ። በእነሱ ከተማ የሚበላ ሰው በአጠገቡ ያለፈውን ሁሉ ይጠራል። አልፈልግም ያለ ሰው አልፈለገም ማለት ነው፤ ማንም አይለማመጠውም።

ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ከማማ ዕቃ በላሁ። እሷ እያጎረሰችኝ አይደለም፣ እኔው ራሴ እየጎረስኩ። እየበላንም ከተማዋን ታዞረኛለች። ጠረጴዛው ላይ በጣቷ መንገድ ትስላለች፤ ጨው ማስቀመጫው ቤተ ክርስቲያኑ፣ የምሳ ዕቃው ክዳን ገበያው። በገበያ ቀን ከሰሜን የሚመጡ ሴቶች የማሽላ ጠላ በእንስራ ይዘው ዛፍ ሥር ይደረደራሉ። በቅል ነው የሚጠጣው። የመጀመሪያዋ ቅምሻ በነጻ ናት፤ ካልጣመሽ ወደሚቀጥለው እንስራ ትሄጃለሽ፣ ማንም አይቀየምሽም። እንግዳ ይዞ የመጣ ሰው ግን ራሱ ቀድሞ ይቀምሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቅሉን ለእንግዳው የሚያቀብለው። እሱ ካልቀመሰ እንግዳው አይነካም። «እኛም ጋ አሳላፊ ቀምሶ ነው የሚሰጠው» አልኳት። ደስ አላት። ዘመድ የተገኘ ይመስል ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ሥጋ የሚሸጡት ደግሞ፣ አለችኝ፣ ከገበያው ማዶ ሰፈር ያላቸው ሙስሊሞች ናቸው። ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ያገሩን አምላክ የሚያመልከውም ከነሱ ነው የሚገዛው። አመሻሽ ላይ በከሰል ጠብሰው፣ ኦቾሎኒና ሚጥሚጣ ነስንሰው ይሸጣሉ። የእሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ቄሱ ራሳቸው ወረፋ ይይዛሉ። እሷም ካቶሊክ ናት። ነገሩን የተናገረችው ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደማለት ነው፤ ምንም የሚያስገርም ነገር አላየችበትም።

እዚህም የምትገዛው ከሃላል ሱቅ ነበር። ትኩስ የፍየል ሥጋ ሌላ ቦታ የት ይገኛል? አርሊንግተን ደግሞ አውቶቡስ የሚባል ነገር የለም፤ መኪና የሌለው ሰው እግር እንደሌለው ነው። ሶ ቅዳሜ ቅዳሜ የማደርሳት እኔ ነበርኩ። መኪናዬን በሩ ላይ ፓርክ አደርግና አብሬያት እገባለሁ። በሩ ላይ የተጻፈውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሥጋ ቆራጩ ሰላምታ ሲሰጠኝ ሰላምታ መልሻለሁ። ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። ያሳደገችኝ ሴት የሰው ቤት ስትጋበዝ እጇን ሳትታጠብ በፊት «የክርስቲያን ሥጋ ነው?» ብላ የምትጠይቅ ሴት ናት። እኔ ግን በልቤ «ኧረ ተይኝ፣ አሜሪካ ነው» አልኩና በላሁ። ንስሐ አባቴም አልጠየቁኝ፣ እኔም አልነገርኳቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የአሜሪካ ባንኮች ተንኮታኮቱና ሰው መብረር ቀነሰ። ሰው ካልበረረ ኬክ አይበላም። ማናጀሩ አንድ ጠዋት የኬኩን መስመር ሙሉ ሌይኦፍ አደረገ፤ ካሮቱ ተረፈ። ማማ የፀጉር መረቧን አውልቃ አጣጠፈችው፣ ኪሷ ከተተችው። አላለቀሰችም። እኔ አለቀስኩ። ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ደወለች፤ «ከተማዬን እከፍታታለሁ» አለችኝ።

ለምግብ ቤት ያገኘቻት በልብስ ማጠቢያና በጥፍር ማሳመሪያ ቤት መሃል ያለች ባዶ ሱቅ ናት። ሕንፃውን የሚያከራየው ሰውዬ ጊዜው ክፉ ስለሆነ ሱቁ ባዶውን ከሚቆም ብሎ የሦስት ወር ሙከራ ፈቀደላት። በሦስቱ ወር ውስጥ ቀትር ላይ ወንበሮቹ ላይ ሰው ካየ የረጅም ጊዜ ሊዝ ይፈርምላታል፤ ካላየ እስከ ኅዳር መጨረሻ ታስረክባለች። አምስት ጠረጴዛ አስገባች። አንዱን መነኻሪያ፣ አንዱን ፉፉ ቤት፣ አንዱን ገበያ፣ አንዱን በከተማዋ ሐይቅ ስም ሐይቅ ዳር አለችው። ሽንት ቤቱ በር አጠገብ ያለው አምስተኛው ሆቴሉ ነበር፤ የማልወደውን ሰው እዚያ ነው የማስቀምጠው ትላለች። ሙቀጫና ዘነዘና ከየት እንዳመጣች እግዜር ይወቀው። መውቀጥ የጀመረች ቀን የጥፍር ቤቷ ሴትዮ ግድግዳው እየፈረሰ መስሏት ሮጣ መጣች፤ ማማ አስቀመጠቻትና አበላቻት።

መቼም አፍ አያርፍም። ያን ዕለት ወንበር እየወለወልኩ «አይዞሽ፣ የሀገሬን ሰው አመጣልሻለሁ» አልኳት። «ስንት ሰው?» አለች። «አርሊንግተንን የሞላነው እኛ አይደለን እንዴ! ኤርፖርቱ እኛ፣ ታክሲው እኛ፣ ዌርሃውሱ እኛ። አንዴ ከቀመሱልሽ ከሪቻርድሰን ሳይቀር ያን ሁሉ መንገድ ነድተው ነው የሚመጡልሽ።» እጄን ያዘችና ግንባሯ ላይ አደረገችው። በእነሱ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሌን ሰጠሁ።

መስከረም አለፈ። የሷ ሀገር ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ዳላስና ፎርት ወርዝ ተበትነው፣ ሁለት ሁለት ሥራ ይዘው፣ ማንም ቀትር ላይ ለመምጣት አይመቸውም። ሄጄ ሳያት መነኻሪያው ባዶ፣ ገበያው ባዶ። እሷ ግን ሙሉ ድስት ሠርታ በሩ ላይ ትቆማለች። «ሰዎችሽስ?» ትለኛለች። «ይመጣሉ» እላለሁ። ወሬ ብቻ ሆንኩባት።

በመጨረሻ አንድ ነገር ታሰበኝ። የማርያም ማኅበር አለን፤ በየወሩ ተራ በተራ እንደግሳለን። እዚህ ሀገር ማኅበር በእሁድ ነው፣ ቅዱሳኑም ኦፍ እስክናገኝ ይጠብቃሉ። ተራው የኔ ነበር። ድግሱን አፓርትመንቴ ከማደርገው ከቅዳሴ በኋላ ማማ ጋ ላድርገው አልኩ። ቀኑን እንዴት እንደመረጥኩት ብታዩ! የጽጌን ጾም የሚጾሙ ሽማግሌዎች አሉ፣ እሱ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። የነቢያት ጾም ሊገባ ነው፣ እሱ ሳይገባ ቀደምኩ። በመሃል ያለችውን እሁድ ለቅሜ አወጣሁ። ማማም ባለሕንፃውን በዚያው ቀን ቀትር ላይ ጠራችው፤ የሞላ ወንበር አይቶ እንዲፈርም። ሁሉን አስቤ ዋናውን ረሳሁ። ኧረ ረሳሁ ማለትም ውሸት ነው። አንድ ዓመት ተኩል ስበላው ከርሜ የሃላል ሥጋ መሆኑን ከቁም ነገር መቁጠር ትቼ ነበር።

ሃያ ሁለት ሰው መጣ። ወንበር አንሶ ከልብስ ማጠቢያው ተበደርን። ማማ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ፣ ከዚያው ጨርቅ ሻሽ አስራለች፤ እንደዚያ ቀን ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም። ባለሕንፃው ሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የቀዘቀዘ ከርከዴ እየጠጣ ሰውን ይቆጥራል፤ ፊቱ በርቷል። ሦስት ፍየል የሚያህል ወጥ ነበር። የማኅበራችን አንጋፋ፣ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ ጋሼ፣ ከኔ ጋር ፉፉ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ማማ ለሁሉም እጅ አስታጠበች፤ ይሄንን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጋሼ ጸሎቱን አደረሱ። ማማ ትልቁን ሳህን ከፊቴ አስቀመጠችና ቀጥ ብላ ቆመች። ዓይኗን ጣለችብኝ። ገባኝ። እንግዳውን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ እስክቀምስ እየጠበቀች ነው። ፉፉውን ቆረስኩ፣ ወጡን ጠቀስኩ፣ አንድ ቁራጭ ሥጋ ያዝኩበት።

«ቆይ እስቲ» አሉ ጋሼ። «ይቺን ፍየል ማን ነው ያረዳት?»

እጄ አየር ላይ ቀረ። «እንግዲህ ጋሼ፣ ከሱቅ ነው» አልኩ።

«ከየትኛው ሱቅ?»

«ከ... ሥጋ ቤት ነው። ይብሉ እንጂ ጋሼ፣ ይቀዘቅዛል።»

ጋሼ የዋዛ ሰው አይደሉም። ዞር አሉና ማማን በእንግሊዝኛ ጠየቋት። እሷ ፊቷ ፈካ! ሥጋዋ አምሯቸው የጠየቁ መሰላት። በሷ ከተማ ደንበኛ ሥጋው የማን እንደሆነ ከጠየቀ መመረቁ ነው። «ከሃላል ሱቁ ነው! ከሁሉም የሚሻል እሱ ነው። ትናንት ጠዋት የታረደ፣ ትኩስ!» አለች፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ገበያና መነኻሪያ የተቀመጡትም እንዲሰሙ።

ሰሙ። አንዷ አማተበች። አንዱ የቆረሰውን መልሶ ሳህኑ ጫፍ ላይ አስቀመጠ። ጩኸት የለ፣ ቁጣ የለ፤ ሃያ ሁለት ሰው ዝም ብሎ እጁን ከወጥ አራቀ። ጋሼ ወደኔ ዘንበል አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ይሄንን መናገር አለብኝ። ድምፃቸው የአባት ድምፅ ነበር። በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ አንቺ ከዚህ በልተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ አንድ ዓመት ተኩል ሆነኝ፣ አልሞትኩም፣ ይኸው ደህና ነኝ» ማለት እችል ነበር። ምን ይመጣብኝ ነበር? ጥቂት ሰው ያማኝ ነበር። አንድ ወር ማኅበሩ ይጎረብጠኝ ነበር። ምናልባት ሁለት ሦስት ሰው፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ እኔን አይተው ይጎርሱ ነበር፤ አንዳንዶቹ ሽታው እንዴት እንዳደረጋቸው ከፊታቸው አይቻለሁ። ዙሪያዬን አየሁ። አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ማን ምን እንደሚለኝ፣ ማን ለማን ስልክ እንደሚደውል እያሰላሁ። ማማን ግን አላየኋትም።

«ኧረ ምን በወጣኝ! እኔም ዛሬ መስማቴ ነው» አልኩ። ጉርሻውን ሳህኑ ውስጥ መልሼ ጣልኩት።

ማማ አማርኛ አትሰማም። እጄን ግን አየች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ጨዋ ሆነ፤ ጨዋነት ደግሞ ስንችልበት! የተጠበሰውን ሙዝ በሉ፣ ከርከዴውን ጠጡ፣ «በጣም ያምራል ቤቱ» አሏት፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን» አሏት። ማማ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየሄደች ሙሉውን ሳህን ታነሳለች። ከጓዳ የሚወጣ ሳህን ሙሉ ሆኖ ወጥቶ ሙሉ ሆኖ ሲመለስ አንድ ሰው ብቻ ነበር አፉን ከፍቶ የሚያየው፤ ባለሕንፃው። ያልተበላበትን ምክንያት ማን ይንገረው? እሱ ያየው ሃያ ሁለት አፍሪካውያን የአፍሪካ ምግብ ቤት ገብተው ምግቡን ሳይነኩት ሲወጡ ነው። ብርጭቆውን አስቀመጠና ሳይሰናበት ወጣ።

ይሄም አይደል ጉዱ። ፓርኪንጉ ላይ ደርሰን ልጆቹ ርቦናል ብለው አለቀሱ። ጋሼ «በሉ ኑ፣ እዚያ ማዶ እንግባ» አሉ። ማዶው በርገር ቤት ነው። ተሰልፈን ገባን። ድርብ ሥጋ፣ ከነቺዙ። ያችን ላም ማን አረዳት? በማን ስም አረዳት? መቼም በአብ በወልድ ብሎ አይደለም፤ ማሽን ነው የገደላት። ከመካከላችን አንድ ጠያቂ ጠፋ። እኔም በላሁ። ርቦኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ማማ ጋ አልሄድኩም። ኦቨርታይም ነው እያልኩ ለራሴ ዋሸሁ። ስልኳም አልመጣም። ሥራ ቦታ ብሬክ ላይ አንዲት ከደሴ የመጣች የሀገሬ ልጅ አለች፣ ሙስሊም ናት፤ ሁለት ዓመት እዚያው ክፍል አብረን ተቀምጠናል። ወሬው ደርሷት ኖሮ «የማማ ቤት የሃላል ሥጋ ነው እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ታዲያ ለኛ ለምን አልነገርሽንም? እኛ እኮ ሬስቶራንት ስንፈልግ እስከ ሪቻርድሰን ነው የምንነዳው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የሱ ወንድሞች፣ የመስጊዱ ሰው... አርሊንግተን ውስጥ አጠገባችን እያለ!»

ለማማ «የሀገሬን ሰው አመጣልሻለሁ» ስል እነሱ ትዝ ብለውኝ አያውቁም። በክፋት ቢሆን እንኳ ይሻል ነበር፤ ክፋት ማሰብ ይጠይቃል። እኔ ጭራሽ አላሰብኳቸውም። አጠገቤ ተቀምጣ ለሁለት ዓመት ሩዟን ስትበላ ያየኋት ሴት ያቺን ሱቅ ልታድናት ትችል ነበር፤ እኔ ደግሞ የጾም ቀን ስቆጥር ነበር። በዚያው ቅዳሜ የደሴዋ ልጅ ቤተሰቧን ይዛ ማማ ቤት ሄደች። በሩ ላይ ተዘግቷል የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ባለሕንፃው ወሩ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም። ተመልሳ ስትነግረኝ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ እንዴት በወደድኩ።

የዚያኑ ቀን ሄድኩ። ማማ አንድ የሀገሯ ሰው ፒክአፕ አምጥቶላት ዕቃ እየጫነች ነው። ጠረጴዛዎቹ ተገልብጠው በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። ስታየኝ ሰላም አለችኝ፤ እንደማንኛውም ሰው፣ እንደ ጥፍር ቤቷ ሴትዮ። ሳትጠይቀኝ ሥራ ጀመርኩ፤ ድስት አወጣሁ፣ ወንበር አቀበልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እኔ ግን አላስቻለኝም።

ጀመርኩላት እንግዲህ። ሃይማኖታችን ነው አልኳት። ከጥንት የመጣ ነው፣ ሙስሊሙ የኛን አይበላም፣ እኛም የሱን፣ ሰው በመጥላት አይደለም፣ ሥርዓት ነው፣ ጋሼ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ማለቴ እሳቸው ከጠየቁ በኋላ... አለቀ። እንግሊዝኛዬ እስኪያልቅ ድረስ ተናገርኩ። እሷ ትልቁን የፉፉ ድስት በወረቀት እየጠቀለለች ትሰማኛለች። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቀና አለች። ተቆጥታ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ አልተቆጣችም። የእውነት ለማወቅ እንደፈለገ ሰው ነበር የጠየቀችኝ።

«እህቴ፣ ሰዎችሽን አልወቅሳቸውም። እኔም አያቴ ያልነካችውን አልነካም፤ ሕግ ያለው ሰው ይከበራል። እነሱ ሕጋቸውን ጠበቁ። አንቺ ምንድን ነው የጠበቅሽው?»

የድስቱን አንድ ጆሮ ይዤ ነበር። ለማንሳት ጎንበስ ስል እጄን በቀስታ ከጆሮው አላቀቀችው። ድስቱን ብቻዋን አንስታ ፒክአፑ ላይ ጫነችው።